ጅብ ሆነ የተባለው ሰው
ስለ አንድ ጨዋታና ስለ አንድ የቆየ ክስ ታሪክ

የዚህች አጭር ጽሑፍ መነሻ አንድ ጨዋታ ነው። በየኮሌጁ ያሉ ተማሪዎች ማታ ማታ ተሰብስበው የሚጫወቱት፣ ከተጫዋቾቹ መካከል አንዳንዱ በስውር አውሬ የሚሆንበት ጨዋታ በብዙ አገር ታውቋል። የእኛም አገር ተማሪ ይህን ጨዋታ በደጋ ላይ ባለች አንዲት የኮሌጅ ከተማ፣ ለምሳሌ በጎንደር፣ እንደ ተፈጸመ ታሪክ አድርጎ ሊያዘጋጀው ቢፈልግ ምን ያገኛል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አውሬ የሚሆን ሰው ታሪክ በአገራችን ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሰዎች ከርስት የራቁበት፣ ከማዕድ የተገለሉበትና የተደበደቡበት ክስ ነበረ። ስለዚህ ጨዋታው ከመዘጋጀቱ በፊት የክሱን ታሪክ መመርመር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

፩. የጨዋታው ሕግ

ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው በሞስኮ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተማሪ የነበረው ዲሚትሪ ዳቪዶፍ ነው። እርሱ «ማፊያ» ብሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካዊው አንድሩ ፕሎትኪን ወንበዴዎቹን በሰው-ተኩላ ለወጣቸውና ዛሬ በዓለም የታወቀው መልክ ተገኘ። ሕጉ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ካርታ በስውር ይታደላል፤ የሚበዙት መንደርተኞች፣ ጥቂቶቹ ተኩላዎች ናቸው። ተራኪው «መሸ» ሲል ሁሉም ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ተኩላዎቹ ብቻ ገልጠው የሚበሉትን ሰው በምልክት ይመርጣሉ። «ነጋ» ሲባል መንደሩ የሞተውን ሰምቶ ይከራከራል፣ ይጠራጠራል፣ በመጨረሻም ድምፅ ሰጥቶ ከመካከሉ አንዱን ይገድላል። ከዚህ የረዘመና የረቀቀ፣ ተጫዋቹ የአንድን ሰው ሕይወትና ጠባይ ለወራት ተላብሶ የሚጫወተው ዓይነትም አለ፤ በሰው-ተኩላ ነገር ላይ የተመሠረተ አንድ እንዲህ ያለ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ታትሞ ወጥቷል።

ተኩላው የአውሮፓ ነው። ሄሮዶቱስ በአራተኛው መጽሐፉ ኔውሪ የሚባሉ ሰዎች በዓመት ለጥቂት ቀናት ተኩላ ይሆናሉ የሚል ወሬ ጽፎ እርሱ ራሱ እንደማያምነው ተናግሯል። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ግን ወሬው ፍርድ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1589 በጀርመን አገር በኮሎኝ አጠገብ ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ሰው የማሠቃያውን መሣሪያ ባሳዩት ጊዜ ተኩላ እየሆንሁ ሰው በላሁ ብሎ አመነና ተገደለ። እንግዲህ ልብ ማለት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። በጨዋታው ተኩላው በእርግጥ አለ፤ ካርታው ታድሎታል። መንደሩ ቢሳሳትም ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለው። በሽቱምፕ ጊዜ ግን የታደለ ካርታ አልነበረም።

፪. የተጓዦች ምስክርነት

በአገራችን የተኩላውን ቦታ የያዘው ጅብ ነው። ቡዳ የተባለ ሰው በዐይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል፤ የበላውንም ሰው ከመቃብር አውጥቶ ያገለግልበታል ይባላል። ይህን ወሬ ወደ አውሮፓ ካደረሱት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ነው። ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1805 ከሄንሪ ሶልት ጋር መጥቶ በትግራይ ከአሥር ዓመት በላይ የኖረ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1831 ታተመ። በዚያ ውስጥ የጓደኛውን የዊሊያም ኮፊንን ነገር ይተርካል።

ኮፊን ቡዳ ነው የሚባል አንድ አሽከር ነበረው። አሽከሩ አንድ ቀን ገና ብርሃን ሳለ መጥቶ እስከ ነገ ድረስ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኮፊንም ይፈቅዳል። ጌታው ፊቱን ወደ ሌሎቹ አሽከሮች ሲመልስ አንዳንዶቹ «እዩት፣ እዩት፣ ጅብ ሆነ» ብለው ወደ ሜዳው ያመለክታሉ። ኮፊን ዘወር ቢል አሽከሩ የለም፤ አንድ ትልቅ ጅብ ግን ሲሮጥ አየ። ሜዳው ቁጥቋጦ እንኳ የሌለበት ገላጣ ነበር። በማግሥቱ አሽከሩ ተመለሰ፤ ጓደኞቹ ሲቀልዱበትም ነገሩን ከመካድ ይልቅ እንደ ማመን አደረገው። ከዚህም ሌላ ፒርስ ቡዳዎች የሚያደርጉት ዓይነት የወርቅ ጕትቻ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ ታይቷል ይላል።

ይህን ምስክርነት የታሪክ ተማሪ እንዴት ይመዝነዋል? አንደኛ፣ ጸሐፊው ነገሩን ከጓደኛው ሰማ እንጂ አላየም። ሁለተኛ፣ ጓደኛውም ቢሆን ሰውዬውን አየ፣ ቀጥሎ ጅቡን አየ እንጂ ሰውዬው ጅብ ሲሆን አላየም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የሞሉለት «ሆነ» ብለው የጮኹት ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ የአሽከሩ ዝምታ ብዙ ትርጕም አለው። ቡዳ የተባለ ሰው ክሱን ቢክድ ማንም አያምነውም፤ ባይክድ ግን ቢያንስ ይፈራል። ከተናቀ ሰው እጅ ያልተነጠቀው ብቸኛ ነገር መፈራት በሆነ ጊዜ፣ ያንን በፈቃዱ እንዲጥል መጠበቅ አይቻልም። የሽቱምፕ ማመንና የአሽከሩ ዝምታ ምክንያታቸው ይለያያል፤ ሁለቱም ግን ማስረጃ አይሆኑም።

ታሪኩ ግን ተጓዘ። እንግሊዛዊው ቄስ ባሪንግ-ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ሰው-ተኩላ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የኮፊን አሽከር ከአውሮፓ ተኩላዎች ጋር ተሰለፈ። ስለዚህ ጨዋታው ከውጭ የመጣ ቢሆንም፣ የጨዋታው አያቶች በሆኑት መጻሕፍት ውስጥ የእኛ አገር ሰው ስሙ ሳይጠራ ተቀምጦ ይገኛል።

፫. ጣት የሚቀሰረው በማን ላይ ነው?

ክሱ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። የሚወድቀው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በሸማኔው፣ በፋቂው ላይ ነው። «ጠይብ» የሚለው ቃል የእጅ ጥበብን የሚያመለክት ሆኖ ሳለ በብዙ አገር የቡዳ ሁለተኛ ስም ሆኖ ቀረ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን የሚሠራለት ቀጥቃጩ ነው። ሚስቱ ያለ ምጣድ አትጋግርም፤ ምጣዱንም የምትሠራላት ሸክላ ሠሪዋ ናት። እንግዲህ ሰው በየቀኑ የሚፈልገውን ባልንጀራውን ስለ ምን አውሬ አደረገው?

መልሱን ለማግኘት ርስትን መመልከት ያስፈልጋል። በሰሜኑ ክፍል ሰውን ሙሉ ሰው የሚያሰኘው ርስት ነበረ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው አዋጅ ነገሩ የሚል ትውፊት አለ። ቤተ እስራኤል የሚባሉት ወገኖቻችን ርስታቸውን እያጡ በሄዱ ቍጥር በእጅ ሥራ ወደ መኖር አዘነበሉ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከተማ ባደረጉ ጊዜ ሥራው በዛላቸው፤ በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በአንጥረኝነት ከተማይቱን ከሠሯት መካከል እነርሱ ይገኙባቸዋል። ይሁን እንጂ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ እስላሞችና ፈላሾች ከክርስቲያኑ ሰፈር ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ያነጹት ከተማ በሰፈር ለያቸው። ከጎንደር በስተ ሰሜን ያለችው ወለቃ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሸክላ ሥራ መንደር ሆና የኖረችው ይህን ታሪክ ተሸክማ ነው። አብዛኞቹ የቤተ እስራኤል ሰዎች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአይሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሐጋር ሰሎሞን የተባለች እስራኤላዊት ተመራማሪ እዚያ ስለ ቀድሞው ጉርብትና ጠይቃቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ላሳተመችው መጽሐፍ የሰጠችው ስም «የጅብ ሕዝብ» የሚል ነው። ስሙ ከአገር ሲወጡ አብሯቸው ወጥቷል ማለት ነው።

ክሱ የሃይማኖት ልዩነት ብቻ ያመጣው እንዳይመስለን ደግሞ መንዝን እንመልከት። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለው አሜሪካዊ በመንዝ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጣ፣ በዚያ ቡዳ የሚባሉት በርስት ከተከበረው ወገን ውጭ ያሉ፣ በእጅ ሥራና በጢሰኝነት የሚኖሩ ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ባለ ርስቱ ባዶ እጁን ያለው ሰው ይቀናብኛል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ሌሊት ጅብ ሆኖ ይመጣበታል። የሚያስፈራው የተከሳሹ ዐይን ሳይሆን የከሳሹ ጎተራ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

መንግሥትም ጉዳቱን ያየበት ጊዜ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዘዋል። ይህ ዐዋጅ ምን ያህል የቆየ ቍስል እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ባይቈስል ኖሮ መድኃኒት አይታዘዝለትም ነበርና።

፬. በሌሊት የሚመጣው

እውነተኛው ጅብስ? ጅብ በከተሞቻችን ዙሪያ የሚኖረው አስማት ስቦት አይደለም፤ የሥጋ ቤት ትራፊና የሞተ ከብት ስቦት ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት የትግራይ ጥናት፣ በዐቢይ ጾም ትራፊው ሲቀንስ ጅቦች አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ የጅብ ዓይነ ምድር እየመረመሩ አሳይተዋል። ጅብም በግድ ይጾማል ማለት ነው! ሐረሮች ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ለጅብ ገንፎ ያቀርባሉ። የጅብ ስም የከፋው ሰው በከፋበት ጊዜ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ፣ የሚቀብር ጠፍቶ ጅብ እስከ ቤት ድረስ እየገባ ሰው በልቷል። ይህን ያየ ትውልድ ጅብን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ነገር ግን «ቡዳ በላው» የሚባለው ሰው በጅብ የተነከሰ አልነበረም። የታመመ ሰው ነበር። ድንገት ያተኵሰዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፤ ቤተ ዘመድ ይሰበሰብና በጤና አዳምና በነጭ ሽንኩርት እያጠነ «ማነህ? ማን በላው?» እያለ ይጠይቀዋል። በሽተኛው ከለፈለፈ፣ ስም ከጠራ፣ ነገሩ ተፈርዷል። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዓይነት ምርመራ በሰፊው ገልጾታል። ከጨዋታው የቀኑ ሸንጎ ጋር ያለው መመሳሰል ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው ሌሊት ይጠቃል፣ ሲነጋ መንደሩ ተሰብስቦ ስም ይፈልጋል።

የደጋዋ የኮሌጅ ከተማ ከታሪኩ ጋር የምትገናኘው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጎንደር በታች በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን እያስተማረ ወደ ገጠር ላከ። እነዚህ ተማሪዎች የተማሩት፣ ሌሊት በስውር ቤት ገብታ ሰውን የምትነድፈው ትንኝ መሆኗን ነው። ትኵሳትና ቅዠት የሚያመጣ በሽታ ወባ ብቻ አይደለም፤ በቡዳ ስም የተጠራውም ሁሉ ወባ ነበረ አልልም። ነገር ግን በቈላ ወርዶ የተመለሰ ሰው አተኵሶት ሲለፈልፍ ከሰፈሩ ቀጥቃጭ ይልቅ ደሙን መመርመር እንደሚገባ ያስተማረው ትምህርት፣ ከአንድ በላይ ንጹሕ ሰው ከክስ ሳያድን አልቀረም ብዬ አምናለሁ።

፭. ከጎንደር ወደ አሶሳ

እስከዚህ የተነገረው የደጋው ታሪክ ነው። በአሶሳ የሚነበብ ጽሑፍ ግን በጎንደር ሊያበቃ አይገባውም። አሶሳ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ብትሆንም ዙሪያዋ ቈላ ነው፤ ወባውም ከደንቢያው የሚያንስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዋ በ2003 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የሺናሻው፣ የማኦና የኮሞው ልጅ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከወለጋና ከሌላውም አገር ከመጣው ጋር በአንድ መኝታ ቤት ያድራል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜና በኋላው ከወሎና ከሌላው ደጋ በሠፈራ ወደ አሶሳና ወደ መተከል የመጡት ወገኖችም ከእህል ዘራቸው ጋር የደጋውን ተረት ይዘው መጥተዋል።

በዚህ አገር በሰው ላይ የተጣለው ስም የጅብ አልነበረም፤ ሥራው ግን ያው ነበረ። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤንሻንጉልን ካስገበሩ በኋላ የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አልሐሰንና ሌሎቹ ገዦች ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ ይገብሩ ነበር፤ ከወርቁ ጋር ግን ሰውም ይነዳ ነበር። አብዱሳመድ አሕመድ የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1938 ድረስ በቤንሻንጉልና በጉሙዝ ምድር የባሪያ ንግድ እንዴት እንደ ተካሄደ ዘርዝረዋል። የሚፈነገሉትን ሰዎች ደገኛው በአንድ የጅምላ ስም ይጠራቸው ነበር፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀጥቃጩ «ሌሊት አውሬ ነው» ተብሎ ከርስትና ከጋብቻ ተከለከለ፤ የዚህ አገር ሰው ደግሞ «ቀንም ሰው አይደለም» ተብሎ ለገበያ ቀረበ። በሁለቱም ቦታ ስሙን የሰጠው ኀይል ያለው ሲሆን፣ የተጠቀመውም እርሱ ነው። በ1916 እና በ1923 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ንግዱን ሲያጠቡት በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። ስምን የሚሽር አዋጅ ማውጣት ግን የበለጠ ይከብዳል።

ነገሩ ያለፈ ነው እንዳይባል ቅርቡን እናስታውስ። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አነጋገር በአደባባይ የፖለቲካ ንግግር ሲነገር ሰምተናል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ለዚህ ግድያ የመሬት፣ የሥልጣንና የመሣሪያ ምክንያቶች አሉ፤ ከአንድ ተረት ወይም ከአንድ ንግግር መጣ የሚል ሰው ታሪክ አልተማረም። ሆኖም ጎረቤቱን በሌላ ስም መጥራት የለመደ መንደር፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ሊፈቅድ እንደሚችል የቀድሞው ታሪክ ያስጠነቅቀናል።

መደምደሚያ

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ተረቱ የሚያፌዘው ማንነቱን በደበቀው እንግዳ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ታሪክ ግን የሚያሳየው የተገላቢጦሹን ነው፤ ሰውየው በሚያውቀውና በሚያውቁት አገር፣ ማረሻ በሠራለት መንደር ተቀምጦ ሳለ ጅብ ነህ ተባለ።

እንግዲህ ጨዋታው ይቅር ወይ? እንደ እኔ ሐሳብ አይቅር። ማታ ተሰብስቦ መጫወትና ተረት መናገር የአባቶቻችንም ልማድ ነው። ግን አንድ ሕግ ይለወጥ። የደጋዋ ከተማ ትሁን፤ ቀጥቃጩ፣ ደብተራው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ነጋዴው፣ አዲስ የመጣው የጤና መኰንን ይኑሩባት። ሌሊት ሌሊት ሰው ይሙት፤ ተራኪው በስውር በትኵሳት ይግደለው። ሲነጋ መንደሩ እንደ ልማዱ ይከራከር፣ ይጠርጥር፣ ድምፅ ይስጥ። ካርታዎቹ ግን ሲታደሉ ሁሉም የመንደርተኛ ይሁኑ፤ ይህንም ከተራኪው በቀር ማንም አይወቅ። በጨዋታው መጨረሻ ካርታው ሁሉ ሲገለጥ የጅብ ካርታ አለመኖሩን፣ በሸንጎ የተገደሉትም ሁሉ ንጹሓን እንደ ነበሩ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያዩታል።

ከዚያ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ «ታዲያ እገሌን ለምን መረጥነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የታሪክ ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው። ባለጅ ስለ ነበረ ይሆን? ዝም ስላለ ይሆን? ወይስ ሌላ ቋንቋ ስለሚናገር? በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኘ መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ያርመኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።